በካሴት የተላኩ ቀፎዎች

ጥቅምት 4

አባዬ መስማት አቆመ።

ወንድሜ ጆሮ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን፤ አንዱን ከላይ ጽፌዋለሁ። ግራ ጆሮው አምና ነበር የሄደው፤ ቀኙ ባለፈው ወር ተከተለው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ። ይህንኑ ለአባዬ ጮኼ ስነግረው «እሱ ራሱ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

አሁን የምናወራው በጽሑፍ ነው። ከምሰፋው የደንብ ልብስ የተረፈ ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታሁ። ልብስ ስቀድ በማሰምርበት የሳሙና ስባሪ እጽፍበታለሁ፤ እሱ ያነብና በእጅጌው ያጠፋዋል። የደነቆረው እሱ፣ የሚጮኸውም እሱ። አንድ ቃል ብጽፍ አሥር ይመልሳል።

የሰው ወሬ አልቀረበትም፤ የሰው ወሬ ድሮም አይወድም። የቀረበት ቀፎዎቹ ናቸው። ታውቀዋለህ፤ ክዳን ከመክፈቱ በፊት በጣቱ አንጓ አንኳኩቶ ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው ነው። አውራ ንቧ በሕይወት ያለች ቀፎ ስትንኳኳ «ሽሽ» ብላ ወዲያው ዝም ትላለች። አውራዋ የሞተችባት ግን ማላዘን ትጀምርና አታቆምም። ይህን ለኔ አስተምሮኝ አያውቅም። ላንተ ሲያስተምርህ አጠገባችሁ ልብስ እያሰጣሁ ነው የሰማሁት።

«አሥራ አንዱንም ቀፎ እኔ ልስማልህ» ብዬ ጻፍኩለት። ጨርቁን አይቶ ሳቀ።

«ያንቺን ጆሮ የስፌት መኪናው በልቶታል። ለጆሮ እንልክለታለን።»

ቀፎ እንዴት ተደርጎ ይላካል ብዬ ሳልጽፍ የጎረቤታችንን ቴፕ ተውሶ መጣ።

ስለዚህ ካሴቱ ይኸው። በአንዱ ገጽ ከአንድ እስከ ስድስት፣ በሌላው ከሰባት እስከ አሥራ አንድ። ቁጥር የምትጠራው ሴት እኔ ነኝ። አንደኛዋ ግድግዳው ሥር ያለችው እናቲቱ ናት፤ ሌሎቹ ሁሉ ከሷ የተከፈሉ መሆናቸውን አልረሳህም። አባዬ ደግሞ ጻፊለት ያለኝን ልጻፍ፦ «ቀፎ ለሚሰማው ሰው ነው የሚገባው። እኔ ከእንግዲህ አልሰማም። ጆሮ ሲመለስ አሥራ አንዱም የሱ ናቸው።»

እኔ የምተኛው ከእናቲቱ አሥር እርምጃ ርቄ ነው። የሷን ጉዳይ ግን ባሕር ማዶ ሆነህ አንተ ትፈርዳለህ።

ሥራህ ይቃናልህ፤ ክፉ አይንካህ።

እህትህ


ኅዳር 3

ለተወደድሽው እህቴና ለጋሼ፤ ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለስፌት መኪናሽ፣ ሰላም ለአሥራ አንዱም።

የጋሼን ነገር ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ከሥራ ስወጣ እንደገና አነበብኩት። የቀረውን ጤና ሁሉ ያቆይላቸው።

እኔ ከቆርቆሮ ፋብሪካው ወጥቻለሁ። ስምንት ዓመት በቃኝ። አሁን ቲማቲም የሚበቅልበት የመስታወት ቤት ውስጥ ነኝ። አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ነፋስ ስለማይገባ ንብ ይገዛል። እውነቴን ነው፤ እንደ ጫማ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። እንደኛዎቹ አይደሉም። ወፍራም፣ ፀጉራም፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክሉ ናቸው። ማራቸው ለወሬም አይበቃ። የሚፈለጉት ለድምፃቸው ነው።

ይህን ለጋሼ በትልቁ ጻፊላቸው። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን ውስጡ ቆልፎ ነው የሚይዘው። ንቧ አበባውን ነክሳ ትንጠለጠላለች፣ ክንፏን ታጥፋለች፣ ከዚያ ትጮሃለች። ክንፏ ታጥፎ! እኛ ድምፁ ከክንፍ ነው ስንል ኖረናል። እዚህ ያለችው የአትክልት ባለሙያ እንዳስረዳችኝ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው ያወቅነው። የሚሠራው ጡንቻ ያለው ደረቷ ውስጥ ነው፤ ክንፉን ራሱን አይጎትተውም። ደረቷን ከላይ ወደ ታች ሲጨምቀው ክንፉ ይነሳል፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲጨምቀው ክንፉ ይወርዳል። በሰከንድ ሁለት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ። ስትበር የምንሰማው ክንፏ አየሩን ሲመታ ነው። ግን ክንፏን አሳርፋ ደረቷን ብቻ ማንቀጥቀጥም ትችላለች። መኪና ቆሞ በፍሪ ማርሽ ሞተሩ ሲሠራ አስቢው። ሲበርዳቸው ተቃቅፈው የሚሞቁት በዚሁ ነው። አበባውንም የሚያራግፉት በዚሁ፤ ዱቄቱ ከብልቃጥ እንደሚነሰነስ ጨው ይወርዳል። ጣቴን ግንዱ ላይ ሳሳርፍ ንዝረቱ ክርኔ ድረስ ይመጣል።

የኛዎቹ አበባ ማራገፉን አያውቁበትም። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

ወደ ካሴቱ ልምጣ። ሁለት ጊዜ አጫወትኩት። ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ያሉት ደህና ናቸው፤ ሰባተኛዋ ብቻ ቀለብ ያጠራት ትመስላለች። እናቲቱ ግን እያላዘነች ነው። አውራ የላትም። ሳትበተን ከአምስተኛዋ ጋር አዋህዷቸው። መሃላቸው ጋዜጣ ይነጠፍ፤ በልተው እስኪጨርሱት ሽታቸው ይለማመዳል። ጋሼ ያውቁታል።

ሌላ ምንም አልፈልግ። ከእናቲቱ ማር ትንሽ በብልቃጥ ላኪልኝ።

ዕድሜ ከጤና ጋር፤ ቤታችሁ ሙሉ ይሁን።

ጆሮ


ኅዳር 28

ለወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ነህ?

ደብዳቤህ ለአባዬ ሠርግ ሆነለት። የደረቱንና የክንፉን ነገር አራት ጊዜ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ «ክንፍ ነው» ሲል የኖረ ሰው፣ ተሳስተሃል ሲባል እንዲህ ደስ ይለዋል ብዬ አላስብም ነበር። አምና እኔ ጭስ ማጨሻው ተቀዷል ብዬ ስነግረው ሦስት ቀን ነው ያኮረፈኝ።

በማግስቱ አንዲት ንብ ያዘ። ክንፎቿን በሁለት ጣቱ ጨብጦ ደረቷን ጉንጩ ላይ አስጠጋት።

«ይነዝራል! ክንፏን ይዤው ይነዝራል!»

ነደፈችው። ጉንጩ አብጦ ዓይኑ እስኪጠፋ ይስቃል። «ጆሮ እውነቱን ነው!» ለመጣው ሁሉ ደብዳቤህን ያነብለታል። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ ቆሞ ሰምቶ ነው የሄደው። ሰውዬው ሲወጣ «ወንድምሽ የተማረ ነው» አለኝ። እኔም አዎ አልኩት።

እንዳዘዝከው አደረግን። ካሴቱ ለመድረስ ሦስት ሳምንት፣ መልስህ ለመመለስ ሌላ ሁለት ሳምንት። ንብ ይህን ያህል ባለችበት አትቆይም ብዬ ጨርቁ ላይ ጻፍኩ። አባዬ አነበበና አጠፋው። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን አምስተኛዋን እናቲቱ ላይ ደረብናት።

ሰኞ ጠዋት በራፋቸው ላይ የሞተ ንብ ሁለት ባልዲ ጠረግኩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እንደተያያዙ ነው የሞቱት። ሐሙስ የተረፉት ተነሱ። ጣሪያው ላይ ትንሽ ዞሩና ሄዱ። እናቲቱ ባዶ ናት። አምስተኛዋም።

አውራ ነበራት ማለት ነው። አውራ የሌላት ቀፎ እንዲያ አትዋጋም፤ ይህን አባዬም ያውቃል። ግን ያለውን ልንገርህ። ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ።

«ጆሮ አይሳሳትም። ጋዜጣውን ቀደሽዋል።»

አልቀደድኩትም።

ማሩን ልኬልሃለሁ። ከእናቲቱ የመጨረሻው ነው።

እህትህ


ጥር 12

እህቴ፤ ደህና ናችሁ? ማሩ ደርሶኛል። አልከፈትኩትም። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካሴቱን ስትቀጂ የስፌት መኪናሽ ይሠራ ነበር? ከእናቲቱ ኋላ ሞተር የሚመስል ነገር አለ። ምናልባት ያላዘነው እሱ ይሆናል። ለጋሼ እንዲህ በያቸው፤ ይገባቸዋል።

ሌላ ካሴት ግን አትላኩ። እዚህ ያለው ማጫወቻ ተበላሽቷል።

ጆሮ


የካቲት 1

ወንድሜ፤

የቀዳሁት መብራት በጠፋበት ቀን ነው። ቴፑ በባትሪ ይሠራል፤ መኪናዬ በባትሪ አትሠራም።

ከልጅነታችንም አንድ ያልተናገርኩት አለ። ካነሳን አይቀር ልጻፈው። እኔ አሥር ዓመቴ፣ አንተ ዘጠኝ። ወላጆችህ አልፈው እኛ ቤት ከገባህ ሁለተኛ ወርህ። እናቲቱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ «ውስጥ ሁለት አሉ፤ አንዷ ጡ… ጡ ትላለች፣ ሌላዋ ቋ ቋ ቋ እያለች ትመልስላታለች» አልኩህ። አንተም ለጠፍክ። ከዚያ ቀድመኸኝ ሮጥክ። ስደርስ አባዬ ትከሻው ላይ አድርጎህ «ጆሮ! ጆሮ!» ይላል። ያ ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንተ ነው።

አባዬ ትርጉሙን ያን ቀን ነገረን። ጡ የምትለው ቀድማ የወጣችው አውራ ናት። ቋ የሚሉት ገና ከታሸጉበት ያልወጡ እህቶቿ ናቸው። ሲመልሱላት የት እንዳሉ ታውቃለች፤ ሄዳ አንድ በአንድ ትገድላቸዋለች። አንተ በአባዬ ትከሻ ላይ ሆነህ ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ያልመለሰች ትተርፋለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አርባ ዓመት አልመለስኩም።

አባዬ ሌላ ካሴት ቅጂ እያለኝ ነው። ምን ልበለው?

እህትህ


የካቲት 26

እህት ዓለም፤ እንዴት ከረማችሁ ብዬ ለመጀመር ፊት የለኝም።

ካሴቱን አልሰማሁትም። አጫወትኩት እንጂ አልሰማሁትም። ግራ ጆሮዬን የቆርቆሮ ፋብሪካው ጩኸት በአራተኛው ዓመት ወሰደው። ቀኙ የሚሠራው ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ አፉን እያየሁ ሲያናግረኝ ነው። ማጫወቻው ድምፅ ማጉያ ላይ መዳፌን አድርጌ ነው አሥራ አንዱን የፈረድኩባቸው። እናቲቱ ከሁሉም አብልጣ እጄን ነዘረችኝ፤ ያ ለቅሶ ነው አልኩ። ለቅሶ አልነበረም። ከሁሉም የበለጠ ንብ ስለነበራት ነው።

«አልሰማም» ብዬ ብጽፍ ያልቅ ነበር። ግን ማን ብዬ ልፈርም? በዚያ ቤት አልጋው የናንተ፣ ሳህኑ የናንተ፣ አባቱ ያንቺ። የኔ ያ ስም ብቻ ነበር። እሱንም ካንቺ ወስጄው ነው። ያን ቀን የሰማሽው አንቺ ነሽ። እኔ ጆሮዬን ስለጥፍ የራሴን ልብ ነው የሰማሁት፤ ስለሮጥኩ እንጂ ስለሰማሁ አይደለም ትከሻቸው ላይ የወጣሁት። አርባ ዓመት ይህን አውቃለሁ።

አንቺ በደብዳቤዬ ትቀኛለሽ፤ ከአጻጻፍሽ ይታወቃል። እኔ ደግሞ በማን እንደምቀና ልንገርሽ፤ ሲጮኹባት በምትውለው፣ «ጋዜጣውን ቀደሽዋል» በተባለችው። በኔ ላይ የሚጮህ የለም፤ ቢኖርም አልሰማው።

አብሮ ያለው ወረቀት ለጋሼ ነው። ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ። ቀፎዎቹ ለሷ ይገባሉ ብያለሁ። ወረቀቱን ስጪያቸው።

የአጎትሽ ልጅ


መጋቢት 22

ወንድሜ፤ ይህን የምጽፍልህ ፖስታ ቤት ሆኜ ነው። ብዕሩ በሰንሰለት የታሰረ ስለሆነ ፊደሉ ቢጣመምብህ ከኔ አይደለም።

ወረቀትህን ለአባዬ አልሰጠሁትም። ከደረሰኝ ጀምሮ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፤ አንዴ ከሽርጡ ጋር ውሃ ሊገባ ሲል ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። አንድ ቀሚስ አንስቼ ጨረስኩ፣ ሌላ አነሳሁ። ሦስተኛው ላይ ተናደድኩ። አሁንም እኔ የሰማሁትን አንተ ልትነግርልኝ ነው። አሁንም ቀድመኸኝ ልትሮጥ ነው።

ደግሞም እኔ ያልጻፍኩልህ አለ። ያን ቅዳሜ አባዬ ጋዜጣ ሊያመጣ ሲገባ እናቲቱን አንኳኳሁ። «ሽሽ» አለችና ዝም አለች። አውራ እንዳላት አወቅኩ። ሳሙናው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሦስት ቃል መጻፍ ነው፤ አልጻፍኩም። አባዬ ሲመጣ የጋዜጣውን አንድ ጫፍ ያዝኩለት። አንተ ስትሳሳት እንዲያይ ፈልጌ ነው። ሁለት ባልዲ ንብ አስገደልኩ፤ እሱም አላየ።

ይኸው ነው። አንተ ሳትሰማ ፈረድክ፣ እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ። የማን እንደሚብስ አንተው መዝነው።

ዛሬ የመጣሁት አዲሱን ካሴት ልልክልህ ነው። ዘጠኙን አስቀዳኝ። ማጫወቻህ ተበላሽቷል ብዬ ብጽፍለት «ያሠራዋላ!» ብሎ ጮኸ። የወረፋ ቁጥሬ አርባ አንድ ነው። የተቀመጥኩበት ወንበር ጀርባው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ያጉረመርማል። የፖስታ ቤቱን ጸሐፊ ጠየቅኳት።

«ቆጣሪው ነው» አለችኝ። «የመብራት ሠራተኛው ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ቀይሮታል።»

«ታዲያ ጩኸቱ?»

«ጩኸቱማ እዚያው ነው።»

ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ «ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው የሚያጉረመርመው፤ ሰልፉ ሰልችቶት» አለ። ተሰላፊዎቹ ሳቁ።

«መቼ ጀመረው?» አልኩ።

«ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው መሰለኝ» አለች ጸሐፊዋ። «አዎ፣ ኅዳር። ወንበሮቹን ቀለም የቀባን ሰሞን።»

ተነስቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ሰውዬው። በጣቴ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ሽሽ። ከዚያ ዝም።

የኛዎቹ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ንብ ላይ ስም አይጻፍም። አውራ ግን አላቸው።

ንቦቹ ሲረጋጉ ጠብቄ መዳፌን አደረግኩ። ግድግዳው ቀጭን ጣውላ ነው። አንተ እንደጻፍከው ነው፤ ክርኔ ድረስ መጣ። አባዬን አሰብኩት። ያችን ንብ ጉንጩ ላይ ያስጠጋት፣ እየነደፈችው የሳቀው፣ ደስ ያለው አንተ ስለጻፍክለት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ከሐኪሙ ቤት ከወጣን ወዲህ ንብ የሰማው ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካሴቱን አልልክልህም። ወረቀትህንም አልሰጠውም፤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼ መልሼልሃለሁ። የጆሮህን ነገር አንተው መጥተህ ንገረው፤ የሚጮህብህ ካማረህ ያኔ አታጣም። የኔን ደግሞ እኔ እነግረዋለሁ። ጥቁሩን ጨርቅ ይዤ እመጣለሁ፣ እጁን እዚህ ግድግዳ ላይ አደርግለታለሁ፣ መጀመሪያ ያን ቅዳሜ እጽፍለታለሁ። ካላጠፋው የዛሬ አርባ ዓመቱን።

አባዬ በዚህ ሰዓት ባዶዋ እናቲቱ አጠገብ ወንበር አውጥቶ ነው የሚቀመጠው። ከዚህ ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእሱ እግር አርባ። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ እንደርሳለን።

ጸሐፊዋ «አርባ አንድ!» እያለች ነው። ቴምብር ለጥፎ ሣጥኑ ውስጥ እንዲከትልኝ ይህን ከጎኔ ላለው ሰውዬ ልሰጠው ነው። እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ ነው።

«እትዬ፣ ተራዎ ደርሶ የት ሊሄዱ ነው?» ይለኛል።

ሄድኩ።